ያቺን ወረቀት አምጪልኝ

ገና የተመረቁ ሐኪሞች ክሊኒኬ ብቅ ይሉና «ዶክተር ሰገነት፣ የስፔሻሊስትነት ትምህርቱ፣ ሬዚደንሲው እንዴት ነበር? ይከብዳል?» ይሉኛል። ይከብዳል ወይ! በቁሜ ያደርኩትን፣ የተሰደብኩትን፣ ሳልበላ የዋልኩትን እንድነግራቸው ነው የሚፈልጉት። እሷማ ምን አላት! እንቅልፍ ይተካል። ስድብም ይረሳል፤ እኔ ቂመኛዋ እንኳ ግማሹን ረስቼዋለሁ። የማይለቀኝ እዚያ የሰለጠንኩት ነገር ነው። ደግሞ በደንብ ነው የሰለጠንኩት።

የተማርኩበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። ትልቅ ነው፣ ከላስታም ሩቅ ነው፣ ይበቃል። የቤተሰብ ሕክምና ነበር የምማረው። ሙያው ያኔ አዲስ ስለነበር ለልምምድ ወደ ውስጥ ደዌ ክፍል ስንላክ መሳቂያ ነበርን። የክፍሉ ሲኒየር፣ ማለት የበላያችን የሆነው ሐኪም፣ ዶክተር መልአኩ ይባላል። የመጀመሪያው ቀን ራውንድ ላይ፣ አልጋ ለአልጋ እየዞርን በሽተኛ ስናይ፣ በነርሶቹም በተማሪዎቹም ፊት አቁሞኝ፣ «የቤተሰብ ሐኪም? የማን ቤተሰብ?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። ኦክስጅን የተሰካለት በሽተኛ ሳይቀር ሳቀብኝ እኮ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ቤተሰብ» ሆኖ ቀረ። ቤተሰብ፣ ደም ቅጂ። ቤተሰብ፣ ላብራቶሪ ሩጪ። ቤተሰብ፣ ከፊቴ ዞር በይ።

መልአኩ ሰነፍ አልነበረም። ደረት አዳምጦ የሚያገኘውን በሽታ እኔ ራጅ አንስቼም አላገኘውም። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰኞን። ሰኞ ጠዋት በሳምንቱ ውስጥ የሞተው ሰው ሁሉ በስም ይነበባል። ያ ሰው የተኛበት ክፍል ሲኒየር ይነሳና ፕሮፌሰሮቹ ፊት ይቆማል። ምን ሰጠኸው? ለምን ዘገየህ? ያነበብከው የት ነው? እንደ ሽንኩርት ይልጡታል። አንድ ጊዜ ከዚያ ስብሰባ ወጥቶ ሽንት ቤት ውስጥ ሲያስመልሰው ሰምቻለሁ። እሰይ ነው ያልኩት።

ታዲያ መልአኩ ዘዴ ነበረው። የሚሞት ሰው እኛ አልጋ ላይ እንዳይሞት ማድረግ። አንዲት ወረቀት አለች፤ «በራሴ ፈቃድ ከሆስፒታል ወጥቻለሁ፤ ለሚደርስብኝ ሁሉ ኃላፊነቱ የራሴ ነው» የምትል። በሽተኛው ከፈረመባት ወይም አውራ ጣቱን ካተመባት በኋላ የኛ አይደለም። መንገድ ላይ ቢሞት፣ ቤቱ ቢሞት፣ ሰኞ ስሙ አይነበብም። ችግሩ ሰው ዝም ብሎ አይፈርምም። አገር አቋርጦ የመጣ ገበሬ «ውጣ» ቢሉት ይወጣል? የሚያምነው ሰው፣ የሚያምነውን ነገር ሊነግረው ይገባል።

«አንቺ የላሊበላ ልጅ ነሽ አይደል? የደብተራ ልጅ?» አለኝ አንድ ዓርብ። «የሰሜን ሰዎችን አንቺ አናግሪያቸው። ጸበል ይሻላችኋል በያቸው። ቋንቋቸውን ታውቂዋለሽ።»

ቋንቋቸው አማርኛ ነው እኮ! ሁላችንም የምንናገረው እሱኑ ነው። ግን ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል።

እምቢ አልኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አላልኩም። ግምገማዬን የሚሞላው እሱ ነው፤ ከከፋበት የልምምዱን ሦስት ወር እንደገና ያስደግመኛል። ከስድስት ሰው ጋር ተቀምጬ ተነጋገርኩ፤ ስድስቱም አተሙ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ቀን ደረጃው ሥር ገብቼ አለቀስኩ። የስድስተኛው ሰው ቀን ጨርሼ ምሳዬን በላሁ፤ ጥሩ ሽሮ ነበር። መልአኩም «ሰገነት» ብሎ በስሜ መጥራት ጀመረ። ጉድ በል ያገሬ ሰው፣ ደስ አለኝ!

ጸበልን እንዳትነኩብኝ። ጸበል ውስጥ ነው ያደግኩት። አባቴ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ዕድሜያቸውን ሙሉ ለበሽተኛ ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «ጸበሉንም ተጠመቅ፣ መድኃኒትህንም ዋጥ፤ ሁለቱንም የፈጠረ አንድ ነው።» እኔ ነኝ ግማሹን ቆርጬ አልጋ ማስለቀቂያ ያደረግኩት።

ሰባተኛው ቢሆነኝ የሚባል ነበር። ከፍላቂት አጠገብ ገብስ የሚያርስ፣ አርባ ያለፈው ሰው። ሳምንት ሙሉ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ከርሞ ኩላሊቱ ቆሟል። ሽንት የለም፤ ፊቱ አብጦ ዓይኑ አይታይም። ደም የሚያጥበው ማሽን ወረፋው ረጅም ነው፤ ለሱ አልደረሰውም። ዕለቱ ዓርብ ነው።

«ይሄ ሰኞን አያይም» አለ መልአኩ። «ሰገነት፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ዋዜማውን መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር። በተቅማጥ የቆመ ኩላሊት ሰውየው ሁለት ሦስት ሳምንት ከቆየ ራሱ ሊነቃ ይችላል። «ዶክተር፣ የዚህ ዓይነቱ እኮ ይመለሳል ይላሉ» አልኩት።

«ካልተመለሰ ሰኞ አንቺ ትቆሚልኛለሽ?»

ሄጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሚስቱ የሻረግ እግሩን ትደባብሰዋለች። «ጋሽ ቢሆነኝ፣ እኔ የመሪጌታ ወልደ ሰንበት ልጅ ነኝ፤ የላሊበላው» አልኩ። የሻረግ ብድግ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ። አባቴን በስም ታውቃቸዋለች፤ ለገና ስትመጣ ሲዘምሩ አይታቸዋለች። «እዚህ የሚያድንዎ ነገር አልቋል። እኛ መርፌ ብንወጋዎ ማድከም ነው። አገርዎ ገብተው ጸበልዎን ይጠመቁ፤ ይድናሉ። በእግዜር ስም ነው የምነግርዎ።»

ያበጠውን ዓይኑን እንደምንም ገለጠና፣ «ትምይልኛለሽ?» አለኝ።

«አባቴ ይሙት» አልኩ።

አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ሰኞ ከኛ ክፍል የተነበበ ስም አልነበረም። በወሩ መጨረሻ መልአኩ ግምገማዬን ሞላ፤ «ከበሽተኛ ጋር ያላት መግባባት፦ እጅግ በጣም ጥሩ» ይላል። እስካሁን ፋይሌ ውስጥ አለ።

ይሄ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። ጨረስኩ፣ ተመረቅኩ፣ አገሬ ገባሁ። ላሊበላ ውስጥ አራት አልጋ ያላት ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ፤ ጦርነቱም እዚሁ አገኘኝ፣ አለፈም። ነርሴ አለሜ ይባላል፤ ምላሱ ከመርፌው ይወጋል፣ እጁ ግን ወርቅ ነው። ሰው ሰላም ይለኛል፣ አከብራለሁ፣ እከበራለሁ። ያቺ ነገር ተቀብራለች ብዬ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ!

ባለፈው ጥቅምት፣ የመድኃኔዓለም ዕለት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ባጃጅ ደጃፋችን ቆመ። አንድ ሰው ልጅ ታቅፎ ወረደ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ግን እንደ ሕፃን ነው የታቀፋት፣ አልቃለች። አለሜ ተቀብሎ አስተኛት። ትተነፍሳለች፤ በጥልቀት፣ በፍጥነት፣ ተራራ እንደወጣ ሰው። አፏ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ዓይኗን ትገልጣለች፣ መልሳ ትከድናለች። ሳምንታት ሙሉ ውኃ ስትጠጣ፣ ስትሸና፣ ስትከሳ ነው የከረመችው። አለሜ ጣቷን ወግቶ ስኳሯን ለካ፤ መለኪያው ከቁጥሩ በላይ ሆኖበት ቁጥር አልሰጠም።

እፎይ አልኩ፤ እውነቴን ነው። ሐኪም ካልሆናችሁ አይገባችሁም። ይሄ እኔ የማውቀው በሽታ ነው፤ መድኃኒቱ ፍሪጄ ውስጥ አለ። ጉሉኮስ ሳይሆን ጨውማው ውኃ ይሰቀላል፣ ኢንሱሊን ይሰጣል፣ ሰዓት በሰዓት ይለካል። ነገ ጠዋት ተነስታ «ራበኝ» ትላለች። ስንቷን አንስቻለሁ! ካልተሰጣት ግን እስከ ማታ አትቆይም።

«አለሜ፣ ውኃውን ስቀል» አልኩ። አለሜ ክንዷን ሲይዝ አባትየው እጁን ያዘው።

«ቆይ ወንድሜ» አለ ቀስ ብሎ። ወደኔ ዞረና ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሆነ። ወደኋላ ሸሸሁ። «አላወቅሽኝም? ቢሆነኝ ነኝ! በድኔን ሰደሽው በሕይወት የመጣሁልሽ!»

ሞቷል ብዬ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሞተ ሰው ነበር እኮ። ፊቱ ጠይም፣ ቀጭን፣ ጤነኛ ሆኖ ፊቴ ቆሟል።

«ጸበል በገባሁ በስምንተኛው ቀን ሽንቴ መጣ» አለ፤ ተረኛው በሽተኛ ሁሉ የተቀመጠበትን አግዳሚ እያየ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «በአሥራ አምስተኛው በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ይችት ናት! ያ ሁሉ ሐኪም በመርፌ ሲጨርሰኝ ተዉት ብላ ያዳነችኝ። ዘጠኝ ዓመት ስሟን ሳላነሳ ውዬ አላውቅም። ለታመመው ሁሉ እነግራለሁ፤ ሐኪሟ ራሷ ናት ያለችኝ እላለሁ። ወንድሜ እንኳ ሳንባውን አሞት የስድስት ወር ኪኒን ሰጥተውት ነበር፤ ጣልና ና አልሁት።»

«ዳኑ?» አልኩ።

«ቀኑ ደርሶ ኖሮ አረፈ።» አማተበ። «የእሷ ግን ገና ነው፤ ፋና ልጅ ናት። ፍላቂትም ጋሸናም አሳክማት ቢሉኝ እምቢ ብዬ፣ ጋሸና አድሬ አንቺ ዘንድ አመጣኋት። ለገና የመጡ ሰዎች ናቸው እዚህ እንዳለሽ የነገሩኝ። በይ እንግዲህ፣ ያንን ቃል ለሷም በያት። ያቺን ወረቀት አምጪልኝ፣ ላትምባት። ባጃጁን አቁሜዋለሁ፤ እኔ የዳንሁበት ጸበል ነው የማገባት።»

ያቺን ወረቀት! ያዳነችው ወረቀቷ መስላዋለች። ዓይነቷ በኛም ክሊኒክ አለች።

«ጋሽ ቢሆነኝ፣ የፋና ሌላ ነው» አልኩ። «የሷ በመርፌ ይድናል። አንድ ሌሊት ብቻ ይስጡኝ።»

«ለኔም መርፌ ነበር የሚወጉኝ። አይረባህም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? አሁን ምን አገኘሽ?» አልተቆጣም፤ ግራ ገብቶት ነው። የልጁን ክንድ ይዞ አልጋው ላይ ተቀመጠ፤ ወረቀቷ ሳትመጣ ማንም እንዳይነካት።

አለሜ በክርኔ ይዞ ወደ መድኃኒት ክፍሉ አስገባኝ። «ምንድነው የሚያወራው?» አለ፤ መልስ አልጠበቀም። «ተይው፣ በኋላ ትነግሪኛለሽ። አባባ መሪጌታ ዘንድ ሰው ልኬያለሁ። ቅዳሴው እየወጣ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅባቸው ነው። እሳቸው ሁለቱንም ካሉት ይሰማል። እስከዚያ ዝም በይው። ወረቀቷ እየተጻፈች ነው እለዋለሁ። ትሰሚያለሽ? ዝም ብቻ!»

እውነቱን ነበር። ግማሽ ሰዓት ልጅቷ ትቆያለች። ከኔ የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነው፤ ዝም ማለት ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ትምህርት ነው።

ተመልሼ ገባሁ። ቢሆነኝ ይመርቀኛል። «ልጅሽን ይባርክልሽ፣ እጅሽን ይባርከው፣ ያፈራሽ ማኅፀን ይባረክ።» አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁሉ «አሜን!» ይላሉ። አንገቴን ደፋሁ። አምስት ደቂቃ ቆየሁ፤ አሥር ደቂቃ። ከዚያ እሜቴ ባንቺዓለም ተነሱ። የደም ግፊት አለባቸው፤ ያቺን ኪኒን በየቀኑ እንዲውጡ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጨቃጭቄ፣ ተቆጥቼ፣ ለምኜ፣ ገና አሁን የለመዱት ናቸው። እጄን ያዙና በሹክሹክታ፣ «እኔስ ታዲያ ልተወው እንዴ፣ ኪኒኑን?» አሉኝ።

እንደ እሳት አንገበገበኝ። ምስጋናው ነው የገደለኝ፤ ቢሰድበኝ እችለው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወጣ።

«ዋሽቼዎት ነው!» አልኩት። ጮህኩ መሰለኝ። አለሜ ከበሩ ላይ «ሰገነት!» ብሎ ተጣራ፤ አልሰማሁትም። «ጸበል ያድንዎታል ብዬ አይደለም የላክኩዎ። ይሞታሉ ብዬ ነው። እኛ አልጋ ላይ እንዳይሞቱብን፣ ሰኞ ስምዎ እንዳይነበብብን ብዬ ነው ያሳተምኩዎ። ኩላሊትዎ በራሱ ጊዜ ነቃ፤ እግዜር አነቃው ይበሉ፣ እሱን አልከራከርም። እኔ ግን አላዳንኩዎትም። እኔ ጥዬዎት ነው።»

የፋና ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው።

ቢሆነኝ የልጁን ክንድ ለቀቀ። «ዋሽተሽኝ ነበር?»

«አዎ።»

«በእግዜር ስም አልነበረም የነገርሽኝ?»

«ነበር።»

«አባቴ ይሙት ብለሽ ማልሽልኝ።»

«አዎ።»

«ወንድሜስ?» አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ደግነት ሁሉ እያየሁት ደረቀ። ተነሳና ነጠላውን አጣፋ። «እሺ የመሪጌታ ልጅ። ያኔ በእግዜር ስም ዋሸሽኝ፣ በአባትሽ ስም ዋሸሽኝ። ዛሬስ ደግሞ ልጄን መርፌ ያድናታል የምትይኝ በማን ስም ነው?»

የቀረኝ ስም የለም። ፈለግኩ፤ እመቤቴን አልኩ፣ ላሊበላን አልኩ፣ እግሩ ላይ ወደቅኩ። «እኔን አይመኑኝ፣ አለሜን ይመኑት፣ እኔ እወጣለሁ፣ እሱ ይውጋት» አልኩት። አለሜም ለመነው፤ እሜቴ ባንቺዓለምም እያለቀሱ ለመኑት። ልጁን አነሳ። አንገቷ ክንዱ ላይ ዘንበል አለ። «ሰው አልጋ ላይ እንዳይሞትባችሁ አይደል የምትጨነቁት?» አለ። «አይሞትባችሁም።»

ወጣ።

አሁን የምነግራችሁን ለአባቴም ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ ያየኝ አለሜ ብቻ ነው። ባጃጁ ሲነሳ ሰማሁ። ብድግ አልኩ፣ መሳቢያዬን ከፈትኩ፣ ሮጥኩ። ጫማዬ ወለቀ፤ በአንድ እግሬ ሮጬ መታጠፊያው ላይ ደረስኩበት። ሹፌሩ አቆመ። በእጄ የያዝኩት ኢንሱሊን አልነበረም።

ወረቀቷን ነበር የያዝኩት። ወረቀቷንና የቀለሙን ሙዳይ።

አላሰብኩበትም፤ ማይ ብትሉኝ እምላለሁ፣ የኔ መሐላ ዋጋ ካለው። እጄ ነው ያደረገው። በሽተኛ ሲወጣ ያትማል፤ እንደዚያ ነው የሰለጠንኩት። ቢሆነኝ ወረቀቷን አያት፣ እኔን አየኝ። ልጁን ወደ ግራ ክንዱ አዞረና አውራ ጣቱን ቀለሙ ውስጥ ነከረ። ጠበቅ አድርጎ አተመ።

አባቴ ከሩብ ሰዓት በኋላ እያለከለኩ ደረሱ፤ መቋሚያቸውን እንደያዙ። አለሜ ነገራቸው። ባዶውን አልጋ አዩት። «ሁለቱንም እለው ነበር እኮ» አሉ። «ሩብ ሰዓት መታገሥ ምን አቃተሽ፣ ሰገነት?» ባጃጅ ይዘው ተከተሉት፤ መናኸሪያ ሲደርሱ ሚኒባሱ ወጥቷል።

ፋና ጋሸና ሳትደርስ አረፈች። የሚኒባሱ ሹፌር ነው ለአለሜ የነገረው፤ አባትየው አላለቀሰም፣ እስከ ፍላቂት ድረስ ታቅፏት ተቀመጠ አለ። እሜቴ ባንቺዓለም ኪኒናቸውን መውሰድ ትተዋል። ለምን ብዬ ልቆጣቸው? አለሜ ይሠራል፣ መርፌ ይወጋል፣ «እንደምን አደርሽ» ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። አንድ ቀን ብቻ ሲሪንጅ እየቆጠረ፣ ቀና ሳይል፣ «ያንን ያህል ዘመን የያዝሽውን ሩብ ሰዓት ብትይዢው ምን ነበረበት?» አለኝ። የሚያሳዝነው ልክ መሆኑ ነው። ለልጅቷ አልነበረም እውነቱን ያወጣሁት። ለራሴ እንዲቀለኝ ነው።

በወሩ መጨረሻ ለወረዳው የሚላከውን ሪፖርት ሞላሁ። የታከሙ፣ የተኙ፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር የተጻፈላቸው። በራሳቸው ፈቃድ የወጡ፦ አንድ። ሞት በሚለው ቦታ ዜሮ ጻፍኩና ፈረምኩበት።